ፋይል በሚተላለፍበት ጊዜ የሚከሰት የስዋፕ መብዛት፤ መንስኤውን ለይቶ የማወቅ ዘዴ

የአባያ ሐይቅ ውኃ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ የያዘው በውስጡ ተንሳፍፎ በሚኖረው ደቃቅ ደለል ምክንያት ነው። ይህን ደለል በሳተላይት ምስል ለመከታተል ዛሬ ምስል መግዛት አያስፈልግም። የመጀመሪያው ሴንቲነል-2 ሳተላይት በ2015፣ ሁለተኛው በ2017 እ.ኤ.አ. ከመጠቁ ወዲህ የአንድ ሥፍራ ምስል በየ5 ቀኑ ያለ ክፍያ ማግኘት ተችሏል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ምስል 110 ኪሎ ሜትር በ110 ኪሎ ሜትር የሆነ መሬት የሚሸፍን ሲሆን፣ በ10 ሜትር ጥራት ከሚነሡት 4 ባንዶች እያንዳንዱ 10,980 በ10,980 ፒክስል አለው። አንድ ፒክስል 2 ባይት ሲይዝ አንዱ ባንድ 241 ሜጋባይት፣ አራቱ በድምሩ 964 ሜጋባይት ይሆናሉ። ለስሌት ወደ ባለ 4 ባይት ቁጥር ሲለወጡ ደግሞ መጠናቸው በእጥፍ ያድጋል። የአንድ ዓመት 73 ምስሎች በታመቀ መልካቸው እንኳ በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠሩ ናቸው።

ይህን ያህል መረጃ አንድ ቦታ ተቀምጦ አይቀርም። እንደ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ፣ ኩልፎ፣ ጫሞ፣ አባያና ነጭ ሳር የተባሉ ካምፓሶች ባሉት ተቋም ውስጥ ለሚሠራ ተመራማሪ ከሰርቨር ወደ ግል ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ውጫዊ ዲስክ መቅዳት የሥራው አካል ነው። ለምሳሌ ያህል 8 ጊጋባይት ራም ያለውና ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ይወሰድ። የኩልፎ ተፋሰስ ሞዴል 3 ጊጋባይት ይዞ ለቀናት የሚዘልቅ ስሌት በማካሄድ ላይ ሳለ 50 ጊጋባይት ምስል ወደ ውጫዊ ዲስክ መቅዳት ይጀመራል። ጥቂት ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፤ መስኮት ለመክፈት ብዙ ሴኮንድ ይፈጃል፤ የሞዴሉም ሂደት የቆመ ይመስላል። የማኅደረ ትውስታው መቆጣጠሪያ ሲታይ ከስዋፕ ውስጥ 1 ጊጋባይት ከግማሽ ተይዟል።

በዚህ ጊዜ በአብዛኛው የሚሰጠው ፍርድ «ራሙ አንሷል» የሚል ነው። «ራም ጨምር» የሚለው ምክር ግን የሚቀለው ለሚመክረው ነው። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከሰሌዳው ጋር የተበየደ በመሆኑ መጨመር አይቻልም፤ የሚቻል ሲሆንም ዕቃው ከውጭ የሚገባ፣ የግዢ ሂደቱም ከመመረቂያው ቀን የሚረዝም ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል በሦስት ቀን ማለቅ የነበረበት ስሌት አምስት ቀን ከፈጀ፣ በመካከሉ መብራት ተቋርጦ ከመነሻው የመጀመር ዕድሉ በዚያው ልክ ይጨምራል። ፍርዱ በራሱ ስሕተት ሊሆንም ይችላል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ 3 ጊጋባይት የሚጠቀም ሞዴል በ8 ጊጋባይት ራም ላይ ሲሠራ እጥረት የለም። 16 ጊጋባይት ቢሆን ኖሮም የሚቀዳው 50 ጊጋባይት የቀረውን ቦታ በሙሉ መሙላቱ አይቀርም ነበር፤ ልዩነቱ በጥቂት ደቂቃዎች መዘግየቱ ብቻ ነው። ስለሆነም መመርመር ያለበት ምን ያህል ስዋፕ እንደተያዘ ሳይሆን፣ ገጾች በምን ፍጥነት ወዲያና ወዲህ እንደሚመላለሱና ከቦታቸው ያስለቀቃቸው ማን እንደሆነ ነው።

ሁለት ዓይነት ገጾች

የሊኑክስ ከርነል ማኅደረ ትውስታን የሚያስተዳድረው በገጽ ነው፤ በተለመዱት ኮምፒውተሮች አንዱ ገጽ 4 ኪሎባይት ነው። ገጾች በምንጫቸው በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ የፋይል ገጾች ሲሆኑ፣ በዲስክ ላይ ያለ ፋይል ቅጂ ናቸው። ፋይል ሲነበብም ሆነ ሲጻፍ በእነዚህ ገጾች በኩል ያልፋል፤ የሚቀመጡበትም ሥፍራ የገጽ ካሽ ይባላል። ሁለተኞቹ ፕሮግራሞች በሥራ ላይ እያሉ የሚፈጥሯቸው፣ በዲስክ ላይ መነሻ ፋይል የሌላቸው ስም የለሽ ገጾች ናቸው። የተፋሰሱ ሞዴል የያዛቸው ሠንጠረዦች ሁሉ ከእነዚህ ወገን ናቸው።

ባዶ ቦታ ሲጠፋ ከርነሉ ከሁለቱ ወገን ማስለቀቅ አለበት። ያልተለወጠ የፋይል ገጽ በነጻ ይጣላል፤ ካስፈለገ ከፋይሉ እንደገና ይነበባልና። ስም የለሽ ገጽ ግን ከስዋፕ በቀር ማረፊያ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ስዋፕ ላይ ይጻፋል፣ በሚፈለግበት ጊዜም ተመልሶ ይነበባል። ከሁለቱ ወደ የትኛው ማዘንበል እንደሚገባ የሚወስነው «ስዋፒነስ» የተባለው ቅንብር ነው። መነሻ ዋጋው 60 ነው፤ 100 ማለት ከርነሉ የሁለቱን ወገን የማስለቀቂያና የመመለሻ ወጪ እኩል አድርጎ ይገምታል ማለት ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ከርነል 5.8 ጀምሮ ገደቡ እስከ 200 ተራዝሟል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ «ራሙ ስንት እጅ ሲሞላ ስዋፕ ይጀመር» የሚል የመቶኛ መነሻ ተደርጎ ሲተረጎም ይሰማል። ትርጉሙ ግን ያ አይደለም።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚያልፍ ፋይል ሞዴሉን ከቦታው እንዳያፈናቅል ከርነሉ መከላከያ አለው። በ2008 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከርነል 2.6.28 ጀምሮ ሁለቱ ወገኖች በየራሳቸው ዝርዝር ይያዛሉ፤ እያንዳንዱም ንቁና ንቁ ያልሆነ ተብሎ ይከፈላል። አዲስ የተነበበ የፋይል ገጽ በቅድሚያ ንቁ ባልሆነው ውስጥ ይገባና ሁለተኛ ካልተፈለገ ቶሎ ይወጣል። በ2014 ደግሞ ከርነል 3.15 የተጣለ ገጽ ምን ያህል ቆይቶ ተመልሶ እንደተፈለገ መመዝገብ ጀመረ። እንግዲህ ተራ ኮፒ፣ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ፣ ሞዴሉን መንካት አልነበረበትም።

መከላከያው የሚሸነፍባቸው መንገዶች ግን አሉ፤ የምርመራውም ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ፋይሉ ሁለት ጊዜ ሲነበብ ነው። ቅጂውን በማረጋገጫ ድምር የሚያመሳክር ወይም ፋይሎችን አንድ ላይ ካጨቀ በኋላ የሚልክ ተመራማሪ እያንዳንዱን ገጽ ሁለቴ ይነካል፤ ገጹም ጠቃሚ ተደርጎ ወደ ንቁው ዝርዝር ሊያድግ ይችላል። ሁለተኛው መድረሻው ከምንጩ ሲዘገይ ነው። ለመጻፍ ወረፋ የሚጠብቅ የተለወጠ ገጽ ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ሊጣል አይችልም፤ ስለዚህ የማስለቀቁ ጫና ወደ ስም የለሾቹ ይዞራል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የማይጠረጠር ነው። በአንዳንድ የሊኑክስ ሥርጭቶች ላይ ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበት «ቴምፕ» ማውጫ በዲስክ ላይ ሳይሆን «ቴምፕኤፍኤስ» በተባለ፣ በራም ውስጥ በሚኖር የፋይል ሥርዓት ላይ ነው። እዚያ የተቀዳ ፋይል መልኩ ፋይል ይሁን እንጂ የሚቆጠረው ከስም የለሾቹ ጋር ነው፤ 4 ጊጋባይት የታጨቀ ምስል እዚያ ሲፈታ ከራም ላይ 4 ጊጋባይት እንደተወሰደ ይቆጠራል፣ ሊወጣ የሚችለውም በስዋፕ በኩል ብቻ ነው። በመጨረሻም ቀጂው ፕሮግራም ራሱ በላተኛ ሊሆን ይችላል። «አርሲንክ» በ2008 ከወጣው 3.0 በፊት በነበሩት ዕትሞቹ ቅጂ ከመጀመሩ በፊት የፋይሎቹን ዝርዝር በሙሉ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ይይዝ ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ላይ ይህ ቀላል ሸክም አልነበረም።

ምልክቶችን ማንበብ

ምርመራው ኮፒው ከመጀመሩ በፊት መጀመር አለበት። የመነሻ ልኬት የሌለው መርማሪ ትናንት የተያዘን ስዋፕ ዛሬ ከተጀመረ ኮፒ ጋር ያያይዛል። «ፍሪ» የተባለው ትዕዛዝ ከሚያሳያቸው ዓምዶች መታየት ያለበት «ፍሪ» ሳይሆን «አቬይለብል» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ፈጽሞ ያልተነካውን ራም ብቻ ሲያሳይ፣ በጤናማ ሊኑክስ ላይም ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ሁለተኛው ሊለቀቅ የሚችለውን ካሽ ጨምሮ ለአዲስ ፕሮግራም ምን ያህል ቦታ እንዳለ ይገምታል።

ቀጥሎ «ቪኤምስታት» በየሴኮንዱ እንዲመዘግብ ተደርጎ ይከፈታል። በውጤቱ ላይ «ኤስአይ» የሚለው ዓምድ በሴኮንድ ከስዋፕ የገባውን፣ «ኤስኦ» ደግሞ ወደ ስዋፕ የወጣውን መጠን ያሳያል። የመጀመሪያው መስመር ኮምፒውተሩ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ያለው አማካይ ስለሆነ መታለፍ አለበት፤ ይህን ባለማወቅ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ መድረስ ቀላል ነው። ከሁለቱ ዓምዶች ክብደት የሚሰጠው ለ«ኤስአይ» ነው። ወጥቶ ተመልሶ ያልተፈለገ ገጽ ማንንም አልጎዳም፤ እንዲያውም ለሳምንት ያልተነካ የፕሮግራም ክፍል ቦታውን ለሚሠራው መልቀቁ ጥቅም ነው። ጉዳቱ ያለው በመመለሱ ላይ ነው። መጠኑን በስሌት ማሳየት ይቻላል። ከሞዴሉ 500 ሜጋባይት ወጥቶ ከሆነ ይህ 128,000 ገጽ ነው። ተሽከርካሪ ዲስክ በተበታተነ ቦታ ላይ በሴኮንድ 100 ያህል ጊዜ ማንበብ ቢችልና ገጾቹ አንድ በአንድ ቢመለሱ 1,280 ሴኮንድ፣ ማለትም ከ21 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ከርነሉ በመነሻ ቅንብሩ 8 ተጎራባች ገጾችን በአንድ ጊዜ ለማንበብ ስለሚሞክር፣ ሙከራው ሁሉ ቢሳካለት ወደ 160 ሴኮንድ ይወርዳል። ያው ዲስክ በዚያው ጊዜ ምስሎቹንም የሚያነብ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ሥራዎች እርስ በርስ ይጓተታሉ።

ፒተር ዴኒንግ በ1968 እ.ኤ.አ. ባቀረባቸው ጽሑፎች የገለጸው «ትራሺንግ» ከዚህ የተለየ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እሱ የገለጸው ሁኔታ በሥራ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ የሚፈልጓቸው ገጾች ድምር ከራሙ ሲበልጥ፣ ማሽኑ ከስሌት ይልቅ ገጽ በማመላለስ ብቻ የሚጠመድበት ነው። በዚያ ሁኔታ «ኤስአይ» እና «ኤስኦ» ያለማቋረጥ አብረው ከፍ ይላሉ፤ ኮፒው ቢቆምም አይበርዱም። በፋይል ካሽ መፈናቀል ላይ ግን በቅድሚያ «ኤስኦ» ይነሣል፣ «ኤስአይ» የሚከተለው ሞዴሉ የተወሰደበትን ገጽ ሲፈልግ ነው፤ ኮፒው ሲያልቅም ሁለቱም ወደ ዜሮ ይወርዳሉ። ሁለቱን ሁኔታዎች የሚለያቸው ይህ የጊዜ ቅደም ተከተል እንጂ የተያዘው ስዋፕ መጠን አይደለም።

ሌላ ተመሳሳይ መልክ ያለው ክስተትም አለ። ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ ሁለቱ ዓምዶች ግን ዜሮ ናቸው። ይህ ከሆነ «ፕሮክ» በተባለው ማውጫ ሥር ያለው «ሜምኢንፎ» ፋይል ውስጥ «ደርቲ» እና «ራይትባክ» የሚሉት መስመሮች ይታዩ። ከርነሉ በመነሻ ቅንብሩ ሊለቀቅ ከሚችለው ማኅደረ ትውስታ እስከ 20 በመቶው ድረስ ያልተጻፈ መረጃ እንዲጠራቀም ይፈቅዳል። 6 ጊጋባይት ቢኖር 1.2 ጊጋባይት ማለት ነው፤ በሴኮንድ 10 ሜጋባይት በሚጽፍ ፍላሽ ላይ ይህን ለማራገፍ 120 ሴኮንድ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ መጻፍ የሚፈልግ ፕሮግራም ሁሉ ይቆማል። በሽታው የስዋፕ ሳይሆን የዘገየ መድረሻ ነው። «ኮፒው ተጠናቋል» የሚለው መልእክት ከመጨረሻው ጽሕፈት ቀድሞ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ፍላሹን ወዲያው ነቅሎ ወደ ሌላ ካምፓስ ይዞ የሄደ ሰው ያልተሟላ ፋይል ይዞ ሊገኝ ይችላል። በዚያው «ሜምኢንፎ» ውስጥ «ሽሜም» የሚለው መስመር ከተቀዳው ፋይል ጋር እኩል ካደገ ደግሞ ጥፋተኛው ቀደም ሲል የተጠቀሰው «ቴምፕኤፍኤስ» ነው።

ከ2018 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ፣ ማለትም ከከርነል 4.20 ወዲህ፣ ጉዳቱን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ ተገኝቷል። «ፕሬሸር» በተባለው ማውጫ ሥር ያለው የማኅደረ ትውስታ መዝገብ ባለፉት 10፣ 60 እና 300 ሴኮንዶች ውስጥ ፕሮግራሞች ማኅደረ ትውስታ በመጠበቅ ያባከኑትን ጊዜ በመቶኛ ያሳያል። ለምርምር ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ልኬት የለም፤ የስዋፕ መጠን ሁኔታን ሲናገር ይህ የሚናገረው ስለ ጠፋ ጊዜ ነውና። የተጎዳው ፕሮግራም የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ የእያንዳንዱ ፕሮግራም «ስታተስ» ፋይል ውስጥ «ቪኤምስዋፕ» የሚለውን መስመር ማንበብ ይበቃል።

እነዚህ ምልክቶች ጥርጣሬ ያስነሣሉ እንጂ መንስኤውን አያረጋግጡም። ለማረጋገጥ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ መድገም ያስፈልጋል። ያው ፋይል «ዲዲ» በተባለው ትዕዛዝ፣ በንባብም በጽሕፈትም በኩል ካሹን አልፎ በቀጥታ እንዲሄድ በሚያደርገው አማራጭ ይቀዳል። የስዋፑ ምልልስ ከቆመ መንስኤው የካሽ መፈናቀል መሆኑ ተረጋገጠ፤ ካልቆመ ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ነው። በሁለቱ ሙከራዎች መካከል ካሹ ካልጸዳ የሁለቱ መነሻ ሁኔታ ስለሚለያይ ንጽጽሩ ዋጋ ያጣል። ቅጂው በኔትወርክ የሚካሄድ ከሆነ ደግሞ ተቀባዩም መለካት አለበት፤ ሰርቨሩ የሚቀበለውን ፋይል በራሱ ካሽ ውስጥ ያሳልፋልና ችግሩ ከላኪው ይልቅ እዚያ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔ እንደ መንስኤው

የካሽ መፈናቀል ከሆነ ትክክለኛው እርምጃ ቀጂውን መገደብ እንጂ መላውን ሥርዓት መነካካት አይደለም። «ሲስተምዲ» ባላቸው ሥርጭቶች ላይ ኮፒውን «ሜሞሪሃይ» በተባለው ገደብ ሥር፣ ለምሳሌ በ500 ሜጋባይት፣ ማስኬድ ይቻላል። በሁለተኛው የሲግሩፕ ዕትም መሠረት በኮፒው ምክንያት የተፈጠረው የገጽ ካሽ በዚያው ቡድን ሒሳብ ላይ ስለሚመዘገብ ቀጂው የራሱን አሮጌ ገጾች እየጣለ ይቀጥላል እንጂ የሞዴሉን አይነካም። «ሜሞሪሎው» ደግሞ በተቃራኒው ለሞዴሉ ቦታ ይጠብቅለታል። «ኖካሽ» የተባለው አነስተኛ መሣሪያም ያነበበውን ገጽ እንደማይፈልገው ለከርነሉ በማሳወቅ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። ስዋፒነስን ወደ 10 ማውረድ ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ነገር ግን መላውን ማሽን የሚመለከት ቅንብር በመሆኑ ኮፒው በሌለበት ጊዜ ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል። የኮፒውን ፍጥነት መገደብ በአንጻሩ የጽሕፈቱን ወረፋ ያቃልላል እንጂ ካሹን ብቻውን አያሳንሰውም።

መድረሻው የዘገየ ሲሆን የሚጠራቀመውን ያልተጻፈ መረጃ በመቶኛ ሳይሆን በባይት መወሰን ይሻላል። «ደርቲ ባይትስ» ለ100 ሜጋባይት ቢቀረብ፣ ከላይ የተሰላው የ120 ሴኮንድ ጥበቃ ወደ 10 ሴኮንድ ይወርዳል።

ስዋፕን ጨርሶ መዝጋት ግን በየላቦራቶሪው የሚሰማ አደገኛ ምክር ነው። መዝጊያው ትዕዛዝ ከመፈጸሙ በፊት የወጣው ገጽ ሁሉ ወደ ራም መመለስ አለበት፤ ቦታው ካልበቃም ከርነሉ አንዱን ፕሮግራም ሊገድል ይችላል። የሚመርጠውም በአብዛኛው ብዙ ማኅደረ ትውስታ የያዘውን ነው፤ ያም ለሦስት ቀናት ሲሠራ የቆየው ሞዴል ራሱ ነው።

በዊንዶውስ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች አካሄዱ አይለወጥም፤ የመለኪያዎቹ ስም ግን ይለያል። «ፔጅስ ፐር ሰከንድ» የተባለው መለኪያ በማኅደረ ትውስታ ላይ የተዘረጉ ፋይሎችን ንባብም ስለሚቆጥር ከፍ ማለቱ ብቻውን የገጽ ፋይሉ በሥራ መጠመዱን አያሳይም። ትላልቅ ፋይሎችን በ«ሮቦኮፒ» ሲቀዱ «ጄ» የተባለውን አማራጭ መጨመር ካሹን አልፎ በቀጥታ እንዲጻፍ ያደርጋል፤ ከላይ ለተጠቀሰው የማረጋገጫ ሙከራም ያገለግላል።

ምርመራው እውነተኛ እጥረት መኖሩን ካሳየ ከእነዚህ ቅንብሮች አንዱም አይፈይድም። የ10 ቀናት ምስሎችን አራት አራት ባንድ በባለ 4 ባይት ቁጥር በአንድ ጊዜ ራም ላይ የሚጭን ስክሪፕት ከ19 ጊጋባይት በላይ ይጠይቃል፤ 8 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ ይህን የሚያስችል ስዋፒነስ የለም። እዚህ ላይ መስተካከል ያለበት ስክሪፕቱ ነው። የአባያ ሐይቅ ስፋት ወደ 1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የአንዱ ምስል ስፋት ከ12,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሐይቁን የሚከብበው አራት ማዕዘን ከሐይቁ መስፋቱ ባይቀርም፣ ምስሉን አስቀድሞ በዚያ ልክ ቆርጦ፣ የቀረውንም ቁራጭ በቁራጭ እያነበቡ ማስላት ከራሙም ሆነ በየካምፓሱ ተሸክሞ ከሚዞረው ዲስክ ላይ አብዛኛውን ሸክም ያነሣል።